ቀኝ ጆሮው የሰው ነበር

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሜሮን ከካልጋሪ መጥታ ቤቴን ስታገላብጥ ሰነበተች። እናት ስታረጅ ልጅ ቤት ፈታሽ ትሆናለች መሰለኝ። ፍሪጁን ከፍታ ተቆጣች፣ የጫማ መደርደሪያውን አይታ ሳቀች፣ በመጨረሻ ሳሎኑ ጥግ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ባለ ሽቦ ስልክ አየችና ዓይኗን አፈጠጠች። «ማሚ፣ ስቲል ትከፍያለሽ ለዚህ? ማንም እኮ አይደውልበትም። ጀስት ካንስል ኢት!» እውነቷን ነው፣ ማንም አይደውልበትም። የሚደውሉት የቤትሽን የአየር ቱቦ እንጥረግልሽ የሚሉኝ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ኢስት ዮርክ ውስጥ አፓርታማ ተከራይታ ለምትኖር አሮጊት የምን ቱቦ እንደሚጠርጉላት እንጃ፤ ብቻዬን የዋልኩ ቀን ግን እነሱንም ቢሆን ትንሽ ሳልጨቃጨቃቸው አልዘጋባቸውም። ሜሮን ከሄደች በኋላ ነገሩን አሰብኩበትና አንድ ጠዋት ሻዬን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ መስመሩን ላዘጋ ደወልኩ። ይህን ተጫኚ፣ ያንን ተጫኚ ስባል ቆይቼ፣ መስመሩ በባለቤቴ በታምራት ስም ስለሆነና ታምራት ደግሞ ዓይነ ስውር ደንበኛ ተብሎ የተመዘገበ ስለሆነ ወደ ልዩ ደንበኞች ዴስክ አስተላልፈንሻል አለችኝ ማሽኗ። የዴስኩን ስም አውቀዋለሁ። ከዚያ የማስጠበቂያውን ሙዚቃ ለቀቁብኝ። እሱ ነው ይዞኝ የሄደው። ቃል የሌለው፣ መጀመሪያና መጨረሻው የማይታወቅ ዜማ ነው፤ ታምራት ገላውን ሲታጠብ ሳይቀር ያፏጨው ነበር።

ታምራት የሠራው ለዚሁ የስልክ ኩባንያ ነው። ስካርቦሮ፣ ከኬኔዲ ባቡር ጣቢያ አውቶቡስ ተይዞ የሚደረስበት፣ መስኮቱ የማይከፈት ትልቅ ሕንፃ ነበራቸው። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ ይምታታብኛል፤ ግን ባቡር የሚገባው በቶክን ነበር፤ ያቺ የጣት ጥፍር የምታህል፣ ኪስ ከተቀደደ ሾልካ የምትጠፋ ብረት። አገር ቤት የምንደውለው በአምስት ብር ካርድ ነበር፤ እኛ እዚህ ዶላሩንም ብር ነው የምንለው። ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን፣ ካርዱ ላይ ብዙ ሰዓት ተብሎ ተጽፎ፣ ገና የቤተሰቡን ጤና ጠይቀን ሳንጨርስ ያልቃል። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ የእኛ ምግብ ቤቶች ያን ያህል አልተደረደሩም ነበር። ግሪንውድ ጥጉ ላይ በርበሬና ሽሮ የምንገዛበት አንድ ጠባብ ሱቅ ነበር፤ ባለቤቱ ሲዲ ከመጣም በኋላ ካሴቶቹን ከመደርደሪያው አላወረዳቸውም። ታምራት እዚያ ሲገባ የካሴቶቹን ጠርዝ በጣቶቹ እየዳበሰ «ክራር ያለበትን ስጠኝ፣ ትዝታውን» ይላል። «ጋሼ፣ የዘፋኝ ስም ሳይጠሩ ቅኝት የሚጠሩ ደንበኛ እርስዎ ብቻ ነዎት» እያለ ሰውየው ይስቅበታል። ዛሬ ያ ሱቅ ስልክ መጠገኛ ሆኗል።

ለሥራ ሲለብስ ብታዩት የባንክ ማናጀር ነው የሚመስለው። ዳንፎርዝ ላይ ከነበረው የልባሽ ልብስ መደብር በስምንት ብር የገዛሁለት ቡናማ ኮት ነበረው፤ ሽፋኑን አስቀይሬለት ክረምት ከበጋ ለበሰው። ሸሚዙን ደግሞ ሁልጊዜ ተኩሼ ነው የምሰጠው። እኔ የአረጋውያን ቤት ስሠራ ውዬ፣ አዛውንት ሳነሳና ሳስተኛ ወገቤ ተቆርጦ መጥቼ፣ ደግሞ ቆሜ ሸሚዝ እተኩሳለሁ። «ደንበኛው አያይህ፣ አንተ ደንበኛውን አታየው፣ ለማን ነው ይሄ ሁሉ?» ስለው፣ «የሺዬ፣ ሸሚዜ ከተጨማደደ ድምፄም ይጨማደዳል» ይለኛል። እኔስ ድምፁን አይደል የወደድኩት። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስገባ እሱ ምድር ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበር። በልጅነቱ ኩፍኝ ነው ዓይኑን የወሰደበት። ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጬ መስመር ስጠይቀው «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ሲለኝ እንዴት ደስ ብሎኝ ነው የምጠብቀው! ሰዉ «ዓይነ ስውር ልታገባ ነው» ሲለኝ እኔ ከወራት በፊት ልቤ አግብቶ ጨርሶ ነበር።

ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ማዳመጫው ሁለት ጆሮ አለው። በግራው ኮምፒውተሩ እስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ያነብለታል፣ በቀኙ ደንበኛው ይናገራል። የኮምፒውተሩ ንባብ ታዲያ የሰው ንባብ አይደለም፤ ከፍጥነቱ የተነሳ በቆሎ ሲፈነዳ ነው የሚመስለው፣ ለእኔ አንድ ቃል አይለየኝም። እሱ ግን በግራው ያንን እየሰማ፣ በቀኙ የተናደደውን እያባበለ፣ በጣቱ እየጻፈ ይውላል። «የግራ ጆሮዬ የማሽን ነው፣ ቀኙ የሰው ነው» ይለኝ ነበር። ይህን ጠባይ ቤትም ይዞት መጣ። በግራው ሆኜ ካወራሁት ይሰማኛል፣ አይመልስልኝም፤ «ዞረሽ ነይ» ብሎ በእጁ ይጠራኛል። ስለዚህ ሶፋው ላይም፣ አልጋው ላይም፣ ባቡር ውስጥም እኔ በቀኙ ሆንኩ። አሁንም ሶፋው ላይ ስቀመጥ በግራዬ ያለውን ቦታ ትቼለት ነው የምቀመጠው። ሜሮን አይታኛለች።

አንድ ቀን ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ሥራው ወደ ህንድ ሊሄድ ነው አሏቸው። ያኔ የከተማው ወሬ ሁሉ ይኸው ነበር፤ ባቡር ላይም፣ የአረጋውያን ቤታችን ማረፊያ ክፍል ውስጥም፣ ስልክ ደውዬ ህንድ አነሳው የማይል ሰው አልነበረም። የሚተኳችሁን ሰዎች በስልክ አሠልጥናችሁ ትሰናበታላችሁ ተባለ። ያለቀሰ አለቀሰ፣ የተሳደበ ተሳደበ። ታምራትን ግን አለቃው ሊንዳ ለብቻው ጠርታ፣ የአንተ ዴስክ እዚሁ ይቀራል አለችው። ማየት ለተሳናቸው፣ ጆሯቸው ለከበደ፣ እጃቸው ለማይታዘዝ ደንበኞች የተከፈተ ዴስክ ነበር፤ እዚያ ማዶ ይህን የሚያውቅ ሰው የለንም አለች። ያን ቀን ዶሮ ሠራሁ። በሥራ ቀን ዶሮ ሠርቼ አላውቅም።

ደስታችን ብዙ አልቆየም። ሊንዳ እንደገና ጠራችው። ህንድ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ተገኝቷል፤ ዓይነ ስውሩን፣ መስማት የተሳነውን፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን ከሌላው ተማሪ ጋር በአንድ ክፍል አስተምሮ ሥራ የሚያስገባ ኮሌጅ ነው። ከዚያ የተመረቀች አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ ለአንተ ዴስክ ለሙከራ ልትቀጠር ነው፣ አንተ ታሠለጥናታለህ፣ ሲያበቃ ትችላለች ወይም አትችልም ብለህ ትነግረናለህ አለችው። ከቻለች ዴስኩ ወደ እሷ ይሄዳል፣ ከኋላዋም የኮሌጁ ልጆች እየተመረጡ ይቀጠራሉ። ካልቻለች ዴስኩ እዚህ ከአንተ ጋር ይቀራል፣ እዚያም ነገሩ ይዘጋል።

«እና ምን አልካት?» አልኩት።

«እሺ አልኳት።»

«የራስህን ገመድ ራስህ ልትፈትል?»

«የሺዬ፣ ሻይ አምጪልኝ» አለ። መልስ ሲያጣ ሁልጊዜ ሻይ ነው የሚጠይቀኝ።

ልጅቷ ሱኒታ ትባላለች። እኛ ጠዋት ቁርስ ስንበላ እነሱ ጋ እየመሸ ነው፤ ታምራት ሥራ ሲገባ እሷም ሥራ ትገባለች። ማታ ማታ እራት ላይ የሚያወራኝ ስለ እሷ ብቻ ሆነ። አባቷ ጨርቅ ቀለም የሚነክር ሰው ነው፤ የሰፈሩ ሰው ቤት ውስጥ አስቀምጣት ሲለው እምቢ ብሎ በባቡር ይዟት ሄዶ ኮሌጁ በር ላይ የቆመ። ክፍላቸው ውስጥ ከጎኗ የሚቀመጠው ልጅ እጁን አደጋ ወስዶበታል፤ እሱ ሰሌዳው ላይ ያለውን ያነብላታል፣ እሷ ትጽፍለታለች፣ ፈተናውንም እንደዚያው አልፈውታል። ይኼንን ሲነግረኝ ታምራት ማንኪያውን አስቀምጦ ነበር። «እኔ ከሚያየው ልጅ ጋር የተማርኩ ጊዜ ማን እንደዚህ አሰበልኝ?» አለኝ። እኔ የምግቡን መቀዝቀዝ ነገርኩት።

መጀመሪያ ላይ ሱኒታ አልሆነላትም። በአንደኛው ጆሮዋ ማሽኑ፣ በሌላው ደንበኛው ሲጮህባት ታለቅሳለች። ታምራት ዴስኩ ላይ ሆኖ መስመሯ ውስጥ ገብቶ ያዳምጣታል። «ማሽኑን አትከተዪው፣ ይናገር፤ የምትፈልጊው ቃል ሲመጣ ራሱ ጆሮሽን ይጎትትሻል። ሰውየውን ግን ለአፍታ አትልቀቂው» ይላታል። እሷም «ኦኬ፣ ሰር» ትላለች፤ ስሙን ጠርታው አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጌራርድ መንገድ ውሰጂኝ ይለኝ ጀመር፣ ህንዶቹ ሰፈር። ሄደን የተጠበሰ በቆሎ በሎሚና በሚጥሚጣ እንገዛለን፣ በስኳር የተነከረውን ጠምዛዛ ጣፋጭ እንበላለን፣ የሳሪ መደብሮቹ ፊት ቆሜ ቀለሙን እነግረዋለሁ፤ ማታ ልጅቷ እንዲህ ያለ ነገር ነው የምትበላው እያለ ጣቱን ይልሳል። እኔ ያን ጣፋጭ አልወደድኩትም። ዛሬ በዚያ ሳልፍ ግን ሽታው እግሬን ያዝ ያደርገዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን ሱኒታ መስመር ላይ ሆና እያዳመጠችው አንዲት አሮጊት ደወሉ። ስልኩን አነሳለሁ ብዬ ወጥ ቤት ወደቅሁ፣ ጉልበቴን ተላላጥኩ ብለው ሲነግሩት ታምራት ሳያስበው በአማርኛ «እኔን!» አለ። ፈረንጇ አሮጊት ምን እንዳላቸው ባያውቁም ድምፁ ገብቷቸው ነው መሰለኝ፣ ተረጋጉ። ሱኒታ ታዲያ አልለቀቀችውም፤ ምን ማለት ነው አለች። «እኛ አገር ሰው ሲደናቀፍ የሚባል ነው። በአንቺ ፈንታ እኔ ልውደቅ ማለት ነው።» እንዲህ ብሎ ቢነግራት «ሰር፣ እኔም ልበለው?» አለችው። ከዚያ በኋላ ደንበኛ ታመምኩ፣ ወደቅሁ፣ ኪሴን ተሰረቅሁ ባለ ቁጥር እኔን ማለት ጀመረች። ሊንዳ የተቀዳውን ጥሪ ስትሰማ ስድብ መስሏት ደንግጣ ጠየቀችው። ሲገባት ስቃ ተወችው። ታምራት ይህን ሲነግረኝ ሳቁ ከአፍንጫው ነው የወጣው። እኔም ስቄያለሁ።

ወራቱ አለቁና ሊንዳ ነገ ሐሳብህን ትነግረኛለህ አለችው። እራታችንን ሳንነካው ተጣላን። እንደዚያ ተጣልተን አናውቅም። «አትችልም በላት» አልኩት። «እውነቱን ነው የጠየቀችኝ» አለ። «እውነቱ ቤት ኪራይ ይከፍልልሃል? ሌላ ማን ነው እዚህ አገር አንተን የሚቀጥርህ? ስንት ዓመት ነው በር ስታንኳኳ የኖርከው?» እሱ ሚስተር ቶማስን አነሳብኝ። ሚስተር ቶማስ ከህንድ የመጣ የእንግሊዝኛ መምህሩ ነበር። ታምራት ዓይነ ስውራን ብቻ የሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት እያለ እጁን ይዞ ወደ ከተማው ትምህርት ቤት የወሰደው እሱ ነው፤ ዳይሬክተሩ አይችልም ሲል፣ ካልቻለ እኔንም አሰናብቱኝ ብሎ ከዓይናማዎቹ መካከል ያስቀመጠው። «የሺዬ፣ ያ ሰውዬ ያን ቀን አይችልም ቢል እኔ ዛሬ የትኛው በር ላይ ነበርኩ?» አለኝ። «እሱ ሥራውን አላጣም!» አልኩት። «ሊያጣ ይችል ነበር» አለኝ። አሁንም ቢሆን ክርክሩ አላለቀልኝም። ሳህን ሳጥብ እከራከረዋለሁ፣ ባቡር ስጠብቅ እከራከረዋለሁ። ትክክል የነበርኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ደግሞ ሌላ ነገር ቢል ኖሮ እንደዚህ አድርጌ እወደው ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቀው መልስ አጣለሁ፤ ያኔ እኔም ሻይ አፈላለሁ።

በማግስቱ ሸሚዙን ከሌላው ቀን አስበልጬ ተኮስኩለት። ሄዶ «ትችላለች። ከእኔ በላይም ትችላለች» አላት። ሊንዳ አውቀህ ነው የምትናገረው ብላ ሁለቴ ጠየቀችው፤ ደግ ሴት ነበረች። የመጨረሻው ቀን ማዳመጫውን ስጦታ ብለው ሰጡት፤ ምን ሊያደርገው እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባላወራው ደስ ባለኝ። ጠዋት ይነሳል፣ ይላጫል፣ የተተኮሰውን ሸሚዝ ይለብሳል፣ ያቺ ጥግ ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጣል። ሥራ አገናኝ ቢሮዎች ሄዷል፣ ቃለ መጠይቅ ተቀምጧል። በስልክ ሲያናግሩት ይወዱታል፤ በትሩን ይዞ ሲገባ ድምፃቸው ይቀየራል፣ እንደውልልሃለን ይሉታል። እኔ ትርፍ ሰዓት ያዝኩ። ስወጣ እዚያው ተቀምጦ ትቼው እሄዳለሁ፣ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ፣ እጁ ስልኩ ላይ። ሙሉ ዕድሜውን ስልክ ያነሳ ሰው፣ የማይጮህ ስልክ አጠገብ ተቀምጦ ሲውል ማየትን ለማንም አልመኝም። ልቤ ተሰበረ ስል ለአነጋገር ያህል አይደለም፤ ያን ጊዜ ተሰብሯል፣ አልተጠገነም።

የምትደውለው ሱኒታ ነበረች። የቤቱን ቁጥር ሰጥቷታል። የመብራት በዓላቸው ሲደርስ ትደውላለች፣ የእኛንም አዲስ ዓመት አስታውሳ ትደውላለች። መጀመሪያ የደወለች ዕለት እኔ ነኝ ያነሳሁት። ገና ሰላም ሳልላት ታምራት ከወንበሩ ተነስቶ መጣና በሹክሹክታ «ሌላ ሥራ ይዣለሁ ብያታለሁ፣ እንዳታበላሺብኝ» አለኝ። ዴስኩ የእሱ እንጀራ እንደነበረ ልጅቷ አታውቅም ነበር፤ እሱ ከሌሎቹ ጋር የተሰናበተ ነው የመሰላት። «ማይልኝ» አለኝ። «ምን ብዬ?» «ታምራት ይሙት በይ።» አፌ ላይ የነበረው ሌላ ነገር ነው። «ታምራት ይሙት» አልኩ። ከዚያ «ሰር እንዴት ናቸው?» ስትለኝ «ደህና ነው ልጄ፣ ሥራ በዝቶበታል» አልኳት። ታምራት ስልኩን ተቀብሎ በቀኝ ጆሮው ላይ ሲያደርገው ፊቱ ያበራል፤ ስንት አዲስ ልጅ ከኮሌጁ እንደተቀጠረ ትነግረዋለች፣ እሱ ደግሞ የሌለ መሥሪያ ቤት የሌለ ወሬ ይነግራታል። ሲዘጋው ጨለምለም ይልና ኮቱን አውልቆ ይሰቅላል። ከጊዜ በኋላ ጥሪዋ እየራቀ ሄደ፣ አሠልጣኝ አደረጉኝ ብላ ከነገረችው ወዲህ ደግሞ ጭራሹን ቀረ። «ሥራ በዝቶባት ነው። ጥሩ ምልክት ነው» ይላል፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

የቆየበት የስኳር በሽታ ወደ ኩላሊቱ ወርዶ አንድ ክረምት ሆስፒታል ገባ። ነርሷ ለአስታማሚ ብላ ወንበሩን በግራው በኩል አድርጋው ነበር፤ እኔ አንስቼ በቀኙ አዞርኩት። ወደ መጨረሻው ገደማ ሰውም አይለይ ነበር፤ ሜሮን እጁን ይዛ «ዳዲ» ስትለው በዚያ ባማረ የሥራ ድምፁ «በምን ልርዳዎት?» አላት፣ በእንግሊዝኛ። ልጄ ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች። እኔ በቀኝ ጆሮው ተጠግቼ «የሺ ነኝ» አልኩት። «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አለኝ። እየጠበቅሁት ሄደ።

ሻዬ ቀዝቅዞ፣ እዚህ ስደርስ ሙዚቃው ቆመ። ወጣት ወንድ ነው ያነሳው። ሮሂት እባላለሁ አለ፣ በምን ልርዳዎት አለ። ከድምፁ በስተኋላ ሌላ ድምፅ ከማዳመጫው ያፈተልካል፤ ቀጭን፣ የቸኮለ፣ በቆሎ ሲፈነዳ የመሰለ። ያንን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! ብርጭቆውን አስቀመጥኩት።

«ማዳም፣ መስመሩ በአቶ ታምራት ስም ነው። ከእሳቸው ጋር ልነጋገር እችላለሁ?»

«አትችልም ልጄ። ባለቤቴ ነው፣ ሞቷል። መስመሩን ላዘጋ ነው።»

ማሽኑ ብቻውን ትንሽ ተንጫጫ። ከዚያ ልጁ በአማርኛ «እኔን» አለኝ።

አነጋገሩ ጠማማ ነው፣ ግን ሌላ ቃል አይደለም። እኔን ለተደናቀፈ ነው እንጂ ለሞተ አይባልም። አማርኛ ሲበላሽ የማልወድ ሴት ነኝ፤ ሜሮንን ስንት ጊዜ አርሜያታለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰውን ልጅ ሁሉ ያርማል አፌ። ያን ጊዜ ግን አላረምኩም።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«አሠልጣኛችን፣ ሱኒታ ማዳም። ደንበኛ ጉዳት ሲደርስበት እዚህ ሁላችንም እንላለን። ብዙ ነን፣ እኔም እንደ እሷ ዓይነ ስውር ነኝ፣ ከዚያው ኮሌጅ ነው የመጣሁት። ከፈለጉ ላገናኝዎት እችላለሁ፣ እዚሁ ከጎኔ ናት።»

ከጎኑ ናት። ብትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ሰር እንዴት ናቸው ብላ ነው፤ ያን ጊዜ ሞቱን ብቻ ሳይሆን ወንበሩን፣ ሸሚዙን፣ እጁ ስልኩ ላይ መዋሉን ሁሉ እዘከዝክላታለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ። የማልኩት ታምራት ይሙት ብዬ ነው። ታምራት ሞቷል፤ ከእንግዲህ መሐላው ምን ይይዘኛል? ግን ያዘኝ።

«ሥራ ላይ ናት፣ አትጥራት» አልኩት። «ትርጉሙ ምንድን ነው ብላ ነገረቻችሁ?»

«በጣም አዝናለሁ ማለት ነው፣ ማዳም። የአንድ አገር ቋንቋ ነው።»

ሱኒታ ትርጉሙን ታውቀው ነበር፤ እሷ ትረሳው፣ ልጆቹ ሲቀባበሉት ይጥፋ፣ አላውቅም። ይኼኛውን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

«አይደለም» አልኩት። «በአንተ ፈንታ እኔ ልውደቅ ማለት ነው።»

ልጁ ሳቅ አለ፣ የንቀት አይደለም፣ የልጅ ሳቅ ነው። «ለማያውቀው ደንበኛ እንዲህ ብሎ የእውነት የሚወድቅ ሰው አለ እንዴ፣ ማዳም?»

«ነበረ» አልኩትና መስመሩን እንዲዘጋው ነገርኩት።